አሮጌዪቱ ሞተር ብስክሌት

ትምህርት አሥራ አራት

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት ለሚከተሉት ሁለት ጥያቄዎች በቃል መልስ ስጡ። በአካባቢያችሁ አሮጌ ዕቃ አድሶ የሚጠቀም ሰው አለን? «መጠገን»፣ «ማደስ» እና «መለወጥ» በሚሉት ቃላት መካከልስ ምን ልዩነት ይታያችኋል? ከዚያ በኋላ ምንባቡን ድምፅ ሳታሰሙ በጥሞና አንብቡ።

ምንባብ

ካርቱም ከጣና ሐይቅ የሚወጣው ዓባይና ከደቡብ የሚመጣው ነጭ ዓባይ የሚገናኙባት ከተማ ናት። በወንዞቹ ዳርና ዳር ካርቱም፣ ኡምዱርማንና ሰሜን ካርቱም የተባሉ ሦስት ከተሞች ፊት ለፊት እየተያዩ ተቆርቁረዋል፤ የሚያገናኟቸውም ድልድዮች ናቸው። ከዚህ የተነሣ የአንድ ሠራተኛ ቤት በአንደኛው ዳር፣ የዕለት ሥራው ደግሞ በሌላው ዳር ሊሆን ይችላል። የራሱ መጓጓዣ የሌለው ሰው ከቀኑ ብዙውን ክፍል መንገድ ላይ ይጨርሰዋል።

በዚህች ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 2023 ጦርነት ተነሥቶ የሕዝቡን ኑሮ እስኪበትነው ድረስ፣ አሮጌ መኪና ይታደሳል እንጂ በቀላሉ አይጣልም ነበር። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው ቤድፎርድ የተባለው የእንግሊዝ ጭነት መኪና ነው። የጭነት አካሉን የአገሩ ብረት ቀጥቃጮችና አናጢዎች ሠርተውለት፣ በጌጥ አሸብርቀውት፣ ፋብሪካው ማምረቱን ካቆመ በኋላ እንኳ ለብዙ ዓመታት በሱዳን በረሃ ጭነት ሲያመላልስ ኖሯል።

ይህ ልማድ ለአሮጌ ነገር ካለ ፍቅር ብቻ የመነጨ አልነበረም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ ጣለች፤ ማዕቀቡ በአብዛኛው የተነሣው በ2017 ነው። በእነዚያ ሃያ ዓመታት መለዋወጫ ከውጭ ማስመጣት አስቸጋሪ ነበር። በመካከሉም በ2011 ደቡብ ሱዳን ነፃ አገር ስትሆን ካርቱም ከነዳጅ ዘይት ታገኘው የነበረው ገቢ አብዛኛው ቀረባት፤ የገንዘቧም ዋጋ እያሽቆለቆለ ሄደ። በ2021 የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ300 በመቶ በላይ ደረሰ። ዋጋ እንዲህ በሚንርበት አገር ገንዘብ አጠራቅሞ ኋላ ዕቃ እገዛለሁ ማለት ኪሳራ ነው። አስተዋይ ሰው የሚፈልገውን መለዋወጫ ባገኘበት ቀን ይገዛል፤ በኪስ ያለው ገንዘብ ሲረክስ በሣጥን ያለው ካንዴላ አይረክስምና።

እንግዲህ ነገሩን በግልጽ ለመረዳት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ጊዜው ከጦርነቱ በፊት ነው እንበል። በኡምዱርማን የሚኖር ደመወዙ አነስተኛ የሆነ አንድ ወጣት፣ በየቀኑ ድልድይ ተሻግሮ ሥራ ለመሄድ መጓጓዣ ቢፈልግና አዲስ ሞተር ብስክሌት የሚገዛበት ገንዘብ ቢያጣ፣ ከአንድ ግቢ ጥግ አቧራ ለብሳ የቆመች የጥንት ሞተር ብስክሌት በርካሽ ገዛ እንበል። የከፈለው የብዙ ወራት ቁጠባውን ነው። ቀሪው ገንዘቡም ጥቂት ስለሆነ አንዱን ነገር ሲገዛ ሌላውን መተው አለበት። ምን ያስቀድም? የዚህ ምንባብ ጉዳይ ይኸው ነው።

ሞተር ብስክሌቲቱ ቢ.ኤስ.ኤ. ኤም 20 የምትባለው ዓይነት ናት እንበል። የዚህች ዓይነት ታሪክ ሊታወቅ የሚገባው ነው። እንግሊዞች ከግብፅ ጋር በጋራ ስም ሱዳንን እ.ኤ.አ. እስከ 1956 ድረስ ሲገዙ ካርቱም የጦር ሠፈራቸው ነበረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው በካርቱም ከቆዩ በኋላ፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ተሻግረው ወደ ኢትዮጵያ ገብተዋል። ያ ጦርነት ሞተር ብስክሌትን የሠራዊት መልእክተኛ አድርጓት ነበር። የስልክ ሽቦ በተበጠሰበትና የሬዲዮ ንግግር በጠላት በሚጠለፍበት ቦታ የታሸገ ደብዳቤ ይዞ የሚበር ባለሞተር ያስፈልግ ነበር። ቢ.ኤስ.ኤ. የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1861 በበርሚንግሃም ከተማ ሲቋቋም ሥራው ጠመንጃ መሥራት ስለነበር ምልክቱ ሦስት የተደጋገፉ ጠመንጃዎች ናቸው። ኤም 20ን ለገበያ ያቀረበው በ1937 ሲሆን፣ በጦርነቱ ዘመን 126,000 ያህል ሠርቶ ለጦር ሠራዊት አስረክቧል።

ኤም 20 ፈጣን አይደለችም። ክብደቷ 167 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን ጉልበቷ ግን 13 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። ሆኖም ለድኻ ባለቤት የሚበጁ ሁለት ጠባዮች አሏት። አንደኛ፣ ሲሊንደሯ አንድ ነው። የሲሊንደሩ የውስጥ ወርድ 82 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 94 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሒሳብ ትምህርት የተማራችሁትን የሲሊንደር ይዘት ቀመር ብትጠቀሙ 496 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ታገኛላችሁ። ቫልቮቹም ከሲሊንደሩ ጎን የቆሙ ስለሆኑ፣ መካኒኮች ቴስታታ የሚሉት የላይኛው ክፍል እንደ ድስት ክዳን ያለ ተራ ክዳን ነው። ጥቂት ቡሎኖችን የፈታ ሰው የሞተሩን ሆድ ያያል። ሁለተኛ፣ ሞተሩ የአየርና የቤንዚን ድብልቁን የሚያምቀው ወደ አምስት እጅ ያህል ብቻ ስለሆነ ደረጃው ዝቅ ያለ ቤንዚን ቢሰጠውም አያጉረመርምም።

እዚህ ላይ ስለ ቃላት ጥቂት ማለት ይገባል። ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ፍሪሲዮን፣ ጓርኒሲዮን፣ ካቻቢቴ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ ናቸው። የመኪናና የጋራዥ ሥራ በጣልያኖች ዘመን ስለተስፋፋ የዕቃዎቹም ስም አብሮ መጣ። ጣልያኖቹ ተባርረው ሲሄዱ ቃላቱ ግን ቀሩ። ዛሬ «ካቻቢቴ አቀብለኝ» የሚል ወጣት የባዕድ ቋንቋ የተናገረ አይመስለውም፤ አልተናገረምም።

ወደ ወጣቱ እንመለስ። ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት ያየው ነገር ቀለሙን ሳይሆን አጥንቱን ነው። ሻንሲው የተሰነጠቀ ወይም የተበየደ እንዳይሆን በጣቱ እየዳሰሰ መረመረ፤ በሞተሩና በሻንሲው ላይ የተቀረጹት ቁጥሮች ከባለቤትነት ደብተሩ ጋር መስማማታቸውን አረጋገጠ፤ ከዚያም የማስነሻውን ፔዳል በእጁ ቀስ አድርጎ ተጫነው። ፔዳሉ ወርዶ መልሶ የሚገፋ ኃይል ከተሰማው በሲሊንደሩ ውስጥ እመቃ አለ ማለት ነው። ጨርሶ የማይነቃነቅ ከሆነ ፒስተኑ በዝገት ተጣብቋል፤ ይህም ቢሆን ተስፋ አያስቆርጥም፣ ነገር ግን ዋጋውን ለማስቀነስ በቂ ምክንያት ነው። የተጣበቀ ፒስተን በመዶሻ ብቻ አይነቃነቅም። በካንዴላው ቀዳዳ ዘይትና ነጭ ጋዝ ቀላቅሎ ጨምሮ ለቀናት መተው ያስፈልጋል። ለትዕግሥት የሚከፈል ገንዘብ የለም፤ ለተሰበረ ፒስተን ግን አለ።

መፍታት ቀላል፣ መግጠም ግን ከባድ ነው። ብዙ ሰዎች ሞተር ብስክሌት በአንድ ቀን ፈትተው ለዓመታት በከረጢት ውስጥ ያስቀሯት ዕቃው የቱ ከየት እንደተነሣ ስለሚጠፋባቸው ነው። ስለዚህ ወጣቱ አንድ የተማሪ ደብተር ገዝቶ ከእያንዳንዱ ክፍል ያነሣውን ነገር ሁሉ፣ የሽቦዎቹን ቀለምና የወንፊቶቹን ቅደም ተከተል ሳይቀር፣ እየሣለ መዘገበ። ዳዶና ቡሎኑን ከየቦታው በተነሡበት መልክ በባዶ ቆርቆሮዎች ለየ። ከወጪው ሁሉ ትንሹ ይህ ደብተር ነበር፤ ሥራው ግን ያለ እርሱ ባልተፈጸመ ነበር።

ቀጥሎ እጥበቱ መጣ። የሞተሩ ክፍሎች በነጭ ጋዝ ታጠቡ። መካኒኮች ሰልባትዮ የሚሉት የቤንዚን ማጠራቀሚያ ውስጡ ዝጎ ነበር፤ ይህን ዝገት ለማስለቀቅ በውስጡ ኮምጣጤ ሞልቶ ለአንድ ቀን መተው፣ ከዚያም ጥቂት ዳዶዎች ጨምሮ መወዝወዝ፣ በመጨረሻም ኮምጣጤው ብረቱን እንዳይበላው ቢካርቦኔት በተበጠበጠበት ውሃ አጥቦ ማድረቅ ይቻላል። የቀረው ቀዳዳ ይበየዳል። ነገር ግን ልብ በሉ! ቤንዚን የነበረበት ባዶ ዕቃ ከሞላው ይልቅ አደገኛ ነው። በውስጡ የቀረው ትነት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ እሳት ሲነካው እንደ ቦምብ ይፈነዳል። ስለዚህ ተደጋግሞ ካልታጠበና ካልተነፈሰ በስተቀር ብየዳ ሊቀርበው አይገባም። ሥራውን ለባለሙያ መስጠት ይሻላል።

አሁን ምርጫው ላይ ደረስን። ወጣቱ ቀሪ ገንዘቡን ሲቆጥር ለአዲስ ቀለምና ለሚያብረቀርቅ ማርሚታ፣ አለዚያም ለሁለት ጎማና ለፍሬን የሚበቃ ብቻ ሆኖ አገኘው። ልቡ ቀለሙን ይሻ ነበር። ሰፈርተኛው ሁሉ የሚያየው ቀለሙን ነውና። የጎማዎቹ ጥርስ ደግሞ ገና ያላለቀ ስለነበር «ለጊዜው ይሠሩኛል» የሚል ሐሳብ መጣበት። ሆኖም ጎማውን በእጁ ሲያጥፈው በጎኑ ላይ እንደ በጋ መሬት የተሰነጣጠቁ መስመሮች ታዩት። ላስቲክ በፀሐይና በዘመን ብዛት ይደርቃል፤ ጥርሱ ቢኖርም ሲሞቅና ጭነት ሲበዛበት ሊፈነዳ ይችላል። በካርቱም ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ እንደሚወጣ፣ አስፋልቱም ከአየሩ የበለጠ እንደሚግል ማሰብ ይበቃል። የፊቱ ጎማ በድልድይ ላይ ቢፈነዳ ከኋላ ያለው መኪና ለማቆም ጊዜ አያገኝም። ወጣቱ ጎማዎቹን ገዛ፤ ቀለሙን ተወው።

ፍሬኑን ሲፈታም ሌላ ጉዳይ ገጠመው። የዚያ ዘመን የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ የሚባል ማዕድን ነበረበት። ብናኙ ወደ ሳንባ ሲገባ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰርን ጨምሮ ከባድ በሽታ ያመጣል። ስለዚህ በከበሮው ውስጥ የተጠራቀመውን ብናኝ እንደ ቀድሞ መካኒኮች በአፍ «እፍ» ማለት ወይም በአየር መንፋት ክልክል ነው። በውሃ በራሰ ጨርቅ ተጠርጎ ጨርቁ ታስሮ ይጣላል፤ አዲሱም ሸራ አስቤስቶስ የሌለበት መሆን ይገባዋል።

ከሁሉ ይልቅ ባለቤቱን ያደከመው የኤሌክትሪኩ ነገር ነው። ኤም 20 ካንዴላዋን የምታቀጣጥለው በባትሪ ሳይሆን ማግኔቶ በተባለ መሣሪያ ነው። ማግኔቶ ከሞተሩ ጋር እየተሽከረከረ የራሱን ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ፑንቲና የሚባሉት ሁለት መገናኛ ነጥቦች በሚላቀቁበት ቅጽበት ብልጭታው ወደ ካንዴላው ይሄዳል። ነጥቦቹ ሲራራቁ በመካከላቸው የሚኖረው ክፍተት 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሞተሩ ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ ጠዋት በሁለተኛው ምት ተነሣ፤ ወጣቱም ደስ አለው። ግን ከሩብ ሰዓት በኋላ እያሳለ ቆመ። ሲቀዘቅዝ እንደገና ተነሣ፤ ሲሞቅ እንደገና ቆመ። ወጣቱ ጥፋቱ የካርቡራተሩ ነው ብሎ ፈታው፣ አጸዳው፣ ገጠመው፤ ለውጥ አልነበረም። ካንዴላ ቀየረ፤ ለውጥ አልነበረም።

ሲቀዘቅዝ የሚሠራና ሲሞቅ የሚሞት ሞተር ሲያጋጥም በጥንት ማግኔቶ ዘንድ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኮንደንሰሩና የሽቦው ጥቅል መሸፈኛ ነው። ከሰማንያ ዓመት በፊት የተሠራ መሸፈኛ ሙቀት ሲያገኘው ይለሰልሳል፤ ኮንደንሰሩም ኤሌክትሪክ ማፍሰስ ይጀምራል፤ ብልጭታው ይደክማል። በቀዝቃዛ አገር ይህ ጉድለት ለወራት ሊደበቅ ይችላል። በካርቱም ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይገለጣል። መድኃኒቱ ጥቅሉን በአዲስ የመዳብ ሽቦ ማስጠቅለልና ትንሽ ዘመናዊ ኮንደንሰር መተካት ነው። ወጣቱ ይህን ቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ለካንዴላና ለጓርኒሲዮን ያወጣው ገንዘብ ይተርፈው ነበር። በግምት ዕቃ መቀያየር ከሁሉ የከፋ አባካኝነት ነው፤ ምልክቱን አጥንቶ ምክንያቱን መፈለግ ምንም ዋጋ አያስከፍልም።

መለዋወጫ ባይገኝስ? ቢ.ኤስ.ኤ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኪሳራ ስለወደቀ የፋብሪካው ዕቃ የለም። ይህ ጉዳይ ከአንዲት ሌላ የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌት ታሪክ ጋር ሲነጻጸር ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ሮያል ኢንፊልድ የተባለችው እ.ኤ.አ. በ1955 በሕንድ አገር በማድራስ መገጣጠም ተጀምሮ፣ እናት ፋብሪካዋ በእንግሊዝ ከተዘጋ በኋላ የሕንዱ ሥራ አልቆመም፤ ስለዚህ የእርሷ ባለቤት ዕድለኛ ነው። የኤም 20 ባለቤት ግን በቶርኖ ቤት ደጅ ይጸናል። ያለቀ ቡሽ ከነሐስ ይቀረጽለታል። የሰፋ ሲሊንደር ግማሽ ሚሊ ሜትር ተሞርዶ በልኩ የወፈረ ፒስተን ይገባበታል። የፍሬንና የፍሪሲዮን ሽቦ ደግሞ ሱዳኖች ራክሻ፣ እኛ ባጃጅ ከምንላት የሕንድ ባለሦስት እግር ሱቅ ተገዝቶ፣ በልኩ ተቆርጦ፣ ጫፉ በእርሳስ ይበየዳል።

እስካሁን የተናገርነው ማደስ ነው። መለወጥ ግን ሌላ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ወጣቶች የወታደር ሞተር ብስክሌት በርካሽ እየገዙ ፓራፋንጎዋን ቆርጠው፣ ትርፍ ብረቷን አውልቀው፣ ቀላልና ፈጣን አድርገዋታል። ገንዘብ የሌለው ሰው ከመጨመር ይልቅ በመቀነስ ዕቃውን የራሱ ሊያደርገው ይችላል። ሆኖም ጸሐፊው የሚስማማበት አንድ ገደብ አለ፤ ይኸውም ሊመለስ የማይችል ለውጥ አለማድረግ ነው። ወንበር ቢቀየር አሮጌው በመደርደሪያ ይቀመጣል። ሻንሲ ከተቆረጠ ግን የሰማንያ ዓመት ታሪክ አብሮ ይቆረጣል።

ወጣቱ ያደረጋቸው ለውጦች ሦስት ናቸው። ከኋላ የዕቃ መጫኛ አሠራ። ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል በተነሣ ጊዜ ደቃቁ አሸዋ ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ስለሚፍቀው፣ አየሩ በዘይት ላይ እያለፈ አቧራውን የሚጥልበት ማጣሪያ ገጠመ። የፊት መብራቱንም አጠናከረ። ቀለሙን በተመለከተ፣ አሮጌውን ሽፋን ሲፍቅ ከሥሩ ወታደራዊ ቀለሟ ታየው፤ ገንዘብም ስላልነበረው የታየውን ቀለም በዘይት ወልውሎ እንዳለ ተወው። ጎረቤቶቹ ግማሹ አላለቀም አሉ፤ ግማሹ አመሰገኑ።

የመጀመሪያው ጉዞ በማለዳ፣ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ሆነ። አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዛሬዎቹ ሞተር ብስክሌቶች ማርሽ በግራ እግር፣ የኋላ ፍሬን በቀኝ እግር ነው፤ በኤም 20 ግን የተገላቢጦሽ ነው። የደነገጠ ሰው ፍሬን የያዘ መስሎት ማርሽ ይረግጣል። (ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1973 የመኪና ጉዞን ከግራ ወደ ቀኝ ስትለውጥ፣ እኛም በ1956 ዓ.ም. ስንለውጥ፣ ሰዎች ለቀናት ተደናግረው ነበር፤ የእግር ልማድ ከጎዳና ልማድ የበለጠ ይዘገያል።) ወጣቱም ለአንድ ሰዓት ያህል እየተነሣና እየቆመ እግሩን አለማመደ። ከዚያም አጥፍቶ እያንዳንዱን ቡሎን በቁልፍ አጠበቀ፤ አዲስ የተገጠመ ነገር ሁሉ ከመጀመሪያው መንቀጥቀጥ በኋላ ይላላልና። ሁለት ዳዶ ላልቶ አገኘ፤ አንደኛው የፊት ፍሬኑን የያዘው ነበር። አጥብቆ፣ ደብተሩ ላይ ጽፎ፣ ወደ ድልድዩ ነዳ።

መልመጃ አንድ

ከምንባቡ በተረዳችሁት መሠረት በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።

1. ዋጋ በሚንርበት አገር መለዋወጫን ቀድሞ መግዛት የሚሻለው ለምንድን ነው?
2. ወጣቱ ቀለሙን ትቶ ጎማዎቹን የገዛው ምን አይቶ ነው? ውሳኔውን ትደግፋላችሁ? ምክንያታችሁን አስረዱ።
3. ሞተሩ ሲሞቅ የሚቆምበትን ምክንያት ለማግኘት ወጣቱ የሠራው ስሕተት ምን ነበር?
4. በጸሐፊው አስተያየት ሊደረግ የማይገባው ለውጥ የትኛው ነው? የማትስማሙ ከሆነ ተከራከሩበት።

መልመጃ ሁለት

እመቃ፣ ምልልስ፣ ትነት፣ ብናኝ፣ ጥቅል የሚሉት ቃላት ከየትኛው ግሥ እንደወጡ ለዩ፤ እያንዳንዱንም በዓረፍተ ነገር አስገቡ። ከዚያም በሰፈራችሁ ወዳለ ጋራዥ ሄዳችሁ በምንባቡ ያልተጠቀሱ አምስት ከጣልያንኛ የመጡ የመካኒክ ቃላት ጠይቃችሁ መዝግቡ።

መልመጃ ሦስት

በቤታችሁ ያለ አንድ አሮጌ ዕቃ ማን እንዳመጣው፣ ስንት ጊዜ እንደተጠገነና አሁን ምን እንደጎደለው ታላላቆቻችሁን ጠይቃችሁ በሁለት አንቀጽ ጻፉ።